የግራ እጅ ሰዓት

ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ አውቶቡሱ መርሳ ላይ ይቆማል። ሴቶቹ ብርቱካንና ማንጎ በፌስታል አንጠልጥለው ወደ መስኮቱ ይሯሯጣሉ። ከዛፍ ሥር ያለች አንዲት ሴት ግን ንቅንቅ አትልም። መደቧ ላይ ተቀምጣ ታያችኋለች፤ የፈለገ ወርዶ ይምጣ ነው ነገሯ። ደግሞ ይመጣሉ፣ ጉዱ እሱ ነው። ይህች ሴት ዓቢዳ ናት። እኔ አስካለ እባላለሁ፤ ከመደቧ ጎን ባለችው በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሠራለሁ። እሷ ከሰላምታ በላይ እንድትናገር ሰው መለመን አለበት፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ስለዚህ የእሷን ነገር ከእኔ በላይ የሚያወራላት የለም።

ትውልዷ ውርጌሳ ነው። ኡበይደላ የሚባል እህል ነጋዴ አግብታ መርሳ ገባች። ሰውዬው ከሐራ ገበያ ማሽላ እያስጫነ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ልጃቸው ዓሪፍ ገና ፊደል ሳይቆጥር አባትየው ታሞ ሞተ። ዘመዶቿ ወደ ውርጌሳ ተመለሺ አሏት፤ አልመለስም አለች። ሌላ ባል አመጡላት፤ እሱንም እንቢ አለች። አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዛ መንገድ ዳር ወጣች፣ በዚያች መደብ ልጇን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። ዛሬ ዓሪፍ ወልዲያ ውስጥ የግንባታ ዕቃ የሚሸጥበት ደህና ሱቅ አለው። ይህን የምነግራችሁ እንቢ ማለት ለዓቢዳ አዲስ ነገር እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ነው ያመማት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ብርቱካን እየተንከባለለ እግሬ ሥር ሲመጣ ቀና ብል፣ ዓቢዳ በጎኗ ወድቃለች። ሆስፒታል ስትሮክ ነው አሉ። እግዜር ይመስገን ተረፈች። አፏ ተቃና፤ እግሯም እየጎተተችውም ቢሆን መራመድ ጀመረች። ግራ እጇ ግን እንደነበረ አልሆን አለ። ፈጽሞ አልሞተም፤ ሐኪሞቹ አሠሪው፣ ካሠራሽው ይመለሳል ብለዋታል። እሷ ግን ረሳችው። በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሥራውን ሁሉ በቀኟ ትሠራለች። እጅሽን አንሺው እንጂ ስላት፣ የቱን? ትለኛለች። ቀልዷን አይደለም። መኖሩን እረሳዋለሁ አስካለ፣ ወላሂ እረሳዋለሁ ትለኝ ነበር። አንጀቴን ትበላው ነበር።

ዓሪፍ መጥፎ ልጅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለምሰድበው ነው። እናቱ ከታመመች ወዲህ በየሳምንቱ ከወልዲያ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር የሚያወራው አንድ ነገር ነው። መደቡ ይዘጋ፣ ቤቱ ይከራይ፣ እማ ከእኔ ጋር ትኑር ይላል። ክፍል አዘጋጅቶላታል። ምንጣፍ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ምግቧን አልጋዋ ድረስ የምታመጣላት ሠራተኛም አለች። ስንቷ እናት ይህን አጥታ ታለቅሳለች እያልኩ መጀመሪያ ላይ እኔም እጎተጉታት ነበር፤ ሞኝ ነኛ። ዓቢዳ ጆሮ ዳባ ልበስ። አንድ ቀን ብቻ መለሰችልኝ። እዚህ ተቀምጬ አውቶቡስ እጠብቃለሁ፣ እዚያ ተቀምጬ ምን ልጠብቅ? አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሂጂ ብያት አላውቅም።

የሰዓቱን ነገር ያመጣብን ይታገሱ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው። በእኛ በኩል ባለፈ ቁጥር ከዓቢዳ ብርቱካን ሳይገዛ አይሄድም። አንድ ቀን ሰዓት ጠየቀችውና እጁን ዘረጋላት። የሰዓቱ የሰከንድ ዘንግ እንደሌላው ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለች አትዘልም፤ ዝም ብላ ትፈሳለች። ዓቢዳ ዓይኗን ተከለችበት። ይታገሱም ደስ ብሎት አወለቀና ጀርባውን አሳያት። ጀርባው መስታወት ነው። ውስጡ አንዲት ግማሽ ክብ ብረት አለች፤ ሰዓቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም እትዬ፣ አውቶማቲክ ነው፣ የሚሞላው በእጄ እንቅስቃሴ ነው አላት። እጅህ ካልተንቀሳቀሰስ? አለችው። ካረፍኩማ አንድ ቀን፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ሄዶ ይቆማል አለና ብርቱካኑን ይዞ ሄደ።

ማታ ዕቃ ስናስገባ ዓቢዳ፣ እኔ እንደዚያ ያለ ሰዓት እገዛለሁ፣ ለግራ እጄ አለችኝ። ሳቄ መጣ። ስታየኝ ሳቄን ዋጥኩት።

ወሬው አንድ ቀን ሳያድር መርሳን አዳረሰ። ብርቱካን ሻጮቹ መቀለጃ አደረጓት፤ ዓቢዳ ቢሮ ልትገባ ነው አሉ። ስልክ አለሽ አይደል ወይ፣ ሰዓቱን እሱ ላይ እይው እንጂ ያሏትም አሉ። እሷም በጦርነቱ ጊዜ መብራትም ኔትዎርክም ሲጠፋ የሁላችሁም ስልክ ምን ሆኖ እንደቀረ ረሳችሁት ወይ አለቻቸው። እውነቷን ነው። ያኔ ቀን የምንለየው በፀሐይ፣ ሌሊቱን የምንለየው በፍርሃት ነበር። የሴቶቹ ንቀት ግን አልቀረም። እጇን ቀና ማድረግ የማትችል ሴት ሰዓት ልትገዛ ነው ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም።

በሳምንቱ ዓሪፍ መጣ። ሰምቶ ኖሮ እየሳቀ ነው የገባው። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ጆሮዬን ልድፈን? እኔ የምገዛልሽ ቆንጆ የሴት ሰዓት አለ አላት ዓሪፍ። እንቢ አለች። የምትፈልገውን ነገረችው። ያን ጊዜ ሳቁን አቁሞ፣ በማዘን፣ በእውነት በማዘን እንዲህ አላት፦

«እማ፣ ያ ሰዓት እኮ ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው።»

መቀሱን ብወረውርበት ደስ ባለኝ። ዓቢዳ ግን አልተቆጣችም። እንግዲያው ለእኔ ነዋ አለችው። ነገር እየተመዘዘ፣ እሱ ሲለምን እሷ እንቢ ስትል፣ በመጨረሻ ዓሪፍ አንድ ሐሳብ አመጣ። እሺ ግዢው፣ ግራ እጅሽ ላይ እሰሪው፣ እስከ ዓረፋ ድረስ የመደቡን ነገር ደግሜ አላነሳም። እስከዚያው ድረስ ሰዓቱ ቆሞ ባገኘው ግን ያለ ክርክር ወልዲያ ትሄጃለሽ አለ። እኔ እንቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ዓቢዳ «ወላሂ እሄዳለሁ» ብላ ማለች። ምን ነካሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ሰው ቤቱንና መደቡን በሰዓት ያሲዛል ወይ?

ወልዲያ አብረን ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ፣ ስሰድባት ቆየሁ። እሷ በመስኮት እያየች ትሰማኛለች። ጨርሰሻል? አለችኝ ሲበቃኝ። ጨርሻለሁ አልኳት።

መናኸሪያው አጠገብ ስዩም የሚባል ሰው ሰዓት ቤት አለው። ጠባብ ሱቅ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ይቆማል። ዓቢዳ ገና ከመቀመጧ፣ ልጄ፣ አዲስ የሆነ፣ አውቶማቲክ፣ የዘወትር፣ ከአቅሜም የማያልፍ ሰዓት አሳየኝ አለችው። ስዩም ወደ ቀጫጭኖቹ የሴት ሰዓቶች እጁን ሰደደ። ወርቅ የተቀቡ፣ ፊታቸው ከአዝራር የማይበልጥ ናቸው። ጌጥ አልጠየቅኩህም አለችው። ሁለተኛ ደግሞ እርምጃ የሚቆጥር፣ ስክሪን ያለው አወጣ፤ አሁን ይሄ ነው ያለው፣ በቀን ስንት እንደተራመዱ ይነግርዎታል አላት። የኔን እርምጃ ቁጠር ያለው ማን ነው? ብላ መለሰችለት። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ስዩምም ሳቀ።

ከዚያ አውቶማቲኮቹን አወጣ። ከሁሉም በፊት ያገለገሉትን ነው ያሳያት፤ ዋጋቸው ቀላል፣ ስማቸው ትልልቅ ነው። ፅዱ ናቸው፣ እኔው ራሴ ፈትቼ ዘይት ሰጥቻቸዋለሁ አለ። ዓቢዳ አላነሳቻቸውም። የሌላ ሰው እጅ የለመደ አልፈልግም፤ ከእኔ እጅ ጋር አብሮ ይማር አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ሲወጣ ደንግጬ አየኋት። ሰው ሲታመም እንዲህ ያስባል መሰለኝ።

ከአዲሶቹ ከአቅሟ ጋር የሚሄዱት ሦስት ሆነው ወጡ። አንደኛው ያምራል፤ ስስ ነው፣ ማሰሪያው ጥቁር ቆዳ ነው። እኔ ብሆን እሱን ነበር የምወስደው። ዓቢዳ ቆዳውን አሸት አሸት አድርጋ መለሰችው። በቀን አምስቴ ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አደርጋለሁ፣ ብረሳና ባላወልቀው በወሩ ይበሰብሳል አለች። ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ ባሕር ለሚጠልቅ ሰው የተሠራ ነው አላት ስዩም። የእኛ ወንዝ ጉልበት አይደርስም አለችው። ቢሆንም ግራ እጇ ላይ አስራ ሞከረችው፤ ክብደቱ እጇን ቁልቁል ጎተተው። አወለቀችው። ሦስተኛው ነጭ ፊት፣ ጥቁር ጉልህ ቁጥር፣ የቀን ማሳያ፣ የብረት ማሰሪያ ያለው ነው። የሚያምር ነገር የለበትም፤ የሚያስጠላም ነገር የለበትም። እሱን በቀኟ ይዛ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሿን መዘውር በግራ ጣቶቿ ልትስብ ሞከረች። ሰዓት የሚስተካከለው እሷን ሳብ አድርጎ በማዞር ነው። ጣቶቿ ተንሸራተቱ። ደገመች፤ ተንሸራተቱ። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ማየት አፍረው ወደ ውጭ ዞሩ።

ስዩም ደግ ሰው ነው፣ እውነቱን ነገራት። ለእርስዎ የባትሪው ይሻላል እናቴ አላት። የባትሪው ደቂቃ አያዛንፍም፣ ይሄኛው ግን በሳምንት ውስጥ ደቂቃ ሊያጎድል ወይ ሊያስቀድም ይችላል፤ ደግሞም የባትሪው ቁጭ ቢሉም ይሠራል፣ ይሄ ግን ከተቀመጡ ይቆማል አላት።

«ቁጭ ብዬ እንደሆነ እንዲነግርብኝ ነው የምፈልገው» አለችው።

ስዩም ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አላወጣም። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሞላላት። ቀኑንስ? አለ፤ ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚለወጠው፣ ጠዋት ይለወጥልዎ ወይስ ማታ? በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይለወጥ አለች፣ ቀኑንም በጨረቃ ሙላልኝ። ስዩም ክርስቲያን ነው፤ የጎረቤቱን ሱቅ ባለቤት ጠይቆ ከጨረቃዋ ስንተኛው ቀን እንደሆነ አጣርቶ ሞላላት። ሊያስርላት ወደ ቀኝ እጇ ሲዘረጋ ዓቢዳ ግራዋን ከነጠላው አውጥታ ሰጠችው። ቀጥ አልልም ያለውን ክንድ ስዩም በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ያዘ። ስንወጣ ፊቷን አየሁት፤ ተሞሽራ የወጣች ነበር የምትመስለው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉድ ናቸው። ዓቢዳ በግራ እጇ ብርቱካን ማንሳት ጀመረች። ማንሳት ካላችሁት ነው፤ ታነሳዋለች፣ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ አስፋልቱ ላይ ይፈርጣል። ላነሳላት ስነሳ በዓይኗ ትመልሰኛለች። መንገደኞች ፌስታላቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ በቀኝሽ አድርጊው እንጂ እናታችን ይሏታል። ካልቸኮልክ ጠብቅ፣ ከቸኮልክ ከእነዚያ ግዛ ትላቸዋለች። ደንበኛ ያጣችበት ቀን ነበር። ብርቱካን ሻጮቹም ተሳስቀዋል። ሳቃቸው ግን ወር አልሞላም፤ አንድ ጠዋት ዓቢዳ በግራዋ ይዛ የሞላችውን ፌስታል ወርዶ ለመጣ ሹፌር ስታቀብል አዩ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

እኔም የራሴን ዘዴ አመጣሁ። ምክንያት ፈልጌ ሰዓት እጠይቃታለሁ። ዓቢዳ፣ ስንት ሰዓት ነው? እሷም ግራ ክንዷን ከጭኗ ታነሳለች፣ ቀስ እያለች ወደ ዓይኗ ታመጣዋለች፣ ትነግረኛለች። ክር ጨርሼ ስቀይር እጠይቃታለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ እጠይቃታለሁ፣ ደንበኛ ሲሄድ እጠይቃታለሁ። የእጅ ስልኬ እፊቴ ተቀምጧል። ዓቢዳ ሞኝ አይደለችም፣ ታውቃለች። አንድም ቀን ግን ስልክሽን እይ አላለችኝም። እጇ ቀን በቀን ከፍ እያለ ሲመጣ አየሁት፤ ሰዓቱም አንድም ቀን አልቆመም። ዓሪፍ በመጣ ቁጥር ቀድሞ የሚያየው እጇን ነው፤ የሰከንዷ ዘንግ ስትፈስ ያያል፣ የመደቡን ነገር ሳያነሳ ይሄዳል። ዓረፋ እየቀረበ ነበር።

ያኔ ነው ወንድሜ ንጉሴ ያረፈው። ታላቄ ነው፣ እንደ አባትም ያሳደገኝ እሱ ነው። መርዶውን ጠዋት ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ቤቴ ሰው ሞልቶ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ጎኔ ዓቢዳ እንዳለች ብቻ አስታውሳለሁ። ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ከጎኔ ሳትነሳ፣ ለሶላት ብቻ ወጥታ እየተመለሰች፣ እስከ ሠልስቱ ድረስ ተቀመጠች። ያች ግራ እጅ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ሌላው ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናሽ ይለኛል፤ እሷ ግን አብሽሪ፣ አይዞሽ ብቻ ትለኛለች። ስንቴ በእንባ ያራስኩት ክንዷ ባዶ መሆኑን አላየሁም። ምን ዓይን ነበረኝና።

የሠልስቱ ማግስት ዓሪፍ ከወልዲያ መጣ። የመጣው ሊያስተዛዝነኝ ነው፤ አጎንብሶ ገባ፣ ደህና አድርጎ አጽናናኝ፣ ሰዎቹ መካከል ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ እናቱን ወደ በረንዳው ጠራት። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። ከኪሱ አንድ ነገር ሲያወጣ አየሁ። ሰዓቱ ነው። በእሷ ቤት በኩል ሲያልፍ ገብቶ፣ ከአልጋዋ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አግኝቶት ኖሯል።

«ቆሟል እማ» አለ። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ድምፁ የተሰበረ ነበር። «ደክሞሽ ትተሽዋል። ምንም አይደል። ከለቅሶው በኋላ ዕቃሽን እንጭናለን።»

ዓቢዳ ሰዓቱን አየችው። ዓይኗን ወደ መሬት ስታወርድ አየሁ፤ ይህች ሴት ዓይኗን ስታወርድ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ጌጥ አድርጎ አይገባም። አምባር ይወልቃል፣ ሐብል ይወልቃል፣ ሰዓትም ይወልቃል። ስዩምን ጌጥ አልጠየቅኩህም ያለችው ሴት፣ ለእኔ ሐዘን ስትል እንደ ጌጥ አውልቃ ሰቅላው መጣች። የማለችበትን ሰዓት! ያስያዘችበትን ሰዓት! ረስታው ይሁን እያወቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ይቆማል ብላ አስባ ቢሆን እንኳ አስራው አትመጣም ነበር፤ እኔ አውቃታለሁ።

ሐዘንተኛ ነኝ፣ ከመቀመጫዬ መነሳት የለብኝም። ተነሳሁ። ነጠላዬ መሬት ለመሬት እየተጎተተ በረንዳው ላይ ወጥቼ ዓሪፍ ላይ ጮህኩበት። አንተ የማትረባ አልኩት። እናትህ አውልቃው የመጣችው ለወንድሜ ለቅሶ ነው፣ ደክሟት አይደለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ጎኔ ነበረች፣ ሰው ሁሉ ምስክር ነው፣ ሰዓቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ መጫን ከፈለግክ እኔን ጫነኝ አልኩት። ለቀስተኛው ሁሉ ያዳምጣል። ዓሪፍ ፊቱ ተለዋወጠ። ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ። አሸነፍን ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ዝም በይ አስካለ» አለችኝ ዓቢዳ።

ደነገጥኩ። ወደ ልጇ ዞረች። አሁን ዓይኗ መሬት አይደለም።

«ለቅሶ ባይሆንስ ኖሮ?» አለችው። «አሞኝ ተኝቼ ቢሆንስ? እጄ ሰልችቶኝ፣ አውልቄ ወርውሬው ቢሆንስ? አንድ ሰዓት ቆመ ብለህ ነው እኔን እንደ ሲሚንቶ የምትጭነኝ?»

«ወላሂ ብለሽ ምለሻል እማ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምያለሁ። መማል በማይገባኝ ነገር ማልኩ፤ አሁን አፈርሰዋለሁ። የሚያፈርስ ሰው ምን እንዳለበት አንተም ታውቃለህ። አሥር ምስኪን አበላለሁ፤ ከመደቤ ሸጬ፣ በእነዚህ በሁለት እጆቼ ቆርሼ። ወልዲያ ግን አልሄድም። ይሄ ሰዓት መቶ ጊዜ ቢቆምም አልሄድም።»

የእነሱን የመሐላ ሕግ፣ መሐላ ያፈረሰ አሥር ምስኪን እንደሚያበላ፣ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። ዓሪፍ ግን ያውቀዋል። እኔ ምክንያት ይዤላት መጥቼ ነበር፤ እሷ ምክንያት አልፈልግም አለች። በራሷ ቤት ለመኖር የማይቆም ሰዓትም፣ የሚመሰክርላት ጎረቤትም አያስፈልጋትም። ይህን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ ነው። እፍረትም ተሰማኝ፣ ኩራትም ተሰማኝ፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

ዓቢዳ ሰዓቱን ከልጇ እጅ ወሰደች። «ስንት ሰዓት ነው?» አለችው። ዓሪፍ ስልኩን አውጥቶ አየና ዘጠኝ ከሩብ አላት። ሰዓቱን በቀኟ ያዘች። በግራ ጣቶቿ ያችን ትንሽ መዘውር ጨበጠች፤ መዘውሯ ግን ተንሸራተተች። ደገመች፤ ተንሸራተተች። የዓሪፍ እጅ ሊረዳት ተዘረጋ፤ እጅጌውን ይዤ መለስኩት። ከንፈሯን ነክሳ ደግማ ሳበች። ከዚያ ቀጭ የምትል ድምፅ ሰማሁ። መዘውሯ ወጣች። በግራዋ ቀስ እያለች ዘንጎቹን አዞረች፣ ዘጠኝ ከሩብ ላይ አደረሰቻቸው፣ መዘውሯን መልሳ ገፋቻት። ሰዓቱን ነቅነቅ አደረገችው። የሰከንዷ ዘንግ ተነሳች፤ መፍሰስ ጀመረች።

አላሰረችውም። የእኔ ቤት ገና ለቅሶ ቤት ነው። ለዓሪፍ መልሳ ሰጠችውና፣ ቤት ወስደህ ሚስማሩ ላይ ስቀልልኝ፣ ስትመለስ ደግሞ መደቡ ላይ ያለውን ሸራ አጥብቀህ እሰር፣ ነፋስ ገብቶበታል አለችው። ዓሪፍ ሄደ። እሷም እጄን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰችኝ፤ ጎኔ ተቀመጠች።

አሥሩን ምስኪኖች ከዓረፋ በፊት አበላች። ዓሪፍ ከፍዬ ላግዝሽ ብሏት እንቢ አለችው፤ መጥቶ ውኃ እንዲያስታጥብ ብቻ ፈቀደችለት። ለበዓሉ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መርሳ መጣ። በዓሉን ወልዲያ እናክብር ብሎ አልጠየቃትም። ከሰዓት በኋላ መንገደኛ በዛና ዓቢዳ በበዓል ልብሷ መደቧ ላይ ወጣች፤ ዓሪፍም በርጩማ ይዞ መጥቶ በእኔና በእሷ መካከል ተቀመጠ። ስልኩን እየነካካ ነበር። ድንገት ቀና አለ።

«እማ» አላት፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

ዓቢዳ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየችው። እሱን አየችው። ግራ እጇን አንስታ አየችና ነገረችው።